ጫካ ውስጥ የተነፈሰ ጎማ፦ የብስክሌት ቫልቭና ፓምፕ አመራረጥ

ብስክሌት የሚገዛ ሰው ማርሹን ይቆጥራል፣ ፍሬኑን ይጨብጣል፣ የፊት ሹካውን ጫን ጫን አድርጎ ይሞክራል። የጎማውን ቫልቭ አይቶ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ፓምፑም አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ ኪስ ውስጥ በቀረችው ገንዘብ፣ የተገኘው ይገዛል። ለከተማ አስፋልት ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ጎማው ቢተነፍስ እየገፉ ቅርብ ያለ ጎሚስታ ዘንድ መድረስ ይቻላል። በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መካከል፣ በመናገሻ ሱባ ደን፣ ወይም ከመኪና መንገድ ርቆ በገጠር የእግር መንገድ ለሚነዳ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ጎማው ውስጥ የሚገባው አየር ሁሉ በነጂው ክንድ የሚገባ ነው፤ እሱም የሚገባው የያዘው ፓምፕ ከቫልቩ ጋር ከገጠመ ብቻ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር አስረግጬ መናገር እፈልጋለሁ። ቫልቭ የሚመረጠው በዘመናዊነቱ ሳይሆን፣ በምንነዳበት አካባቢ ማን ሊሞላው፣ ማን ሊጠግነው ይችላል በሚለው ነው። ለጫካና ለኮረኮንች መንገድ የሚሆን ፓምፕ ደግሞ በአንድ ግፊያ ብዙ አየር የሚያስገባው ነው፤ ማሸጊያው ላይ ትልቅ የግፊት ቁጥር የተጻፈበት መሆኑ ለዚህ ሥራ አይጠቅምም።

ገበያ ላይ የምናገኛቸው የብስክሌት ቫልቮች በመሠረቱ ሦስት ዓይነት ናቸው። ወፍራሙ፣ በመኪናና በሞተር ሳይክል ጎማ ላይ የምናውቀው፣ ሽሬደር ይባላል። ስሙ የመጣው ኒው ዮርክ ውስጥ የጎማ ውጤቶችና የባሕር ጠላቂዎች መሣሪያ ይሠራ ከነበረው ከሽሬደር ቤተሰብ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱ በአሜሪካ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት ውስጥ በአየር የሚነፋውን ጎማ ከሠራ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። የሽሬደር ቫልቭ ውስጡ እንደ ብሎን የሚፈታና የሚታሰር ትንሽ ክፍል አለው፤ ከዚህ በኋላ የቫልቩ ልብ እያልኩ የምጠራው እሱን ነው። ልቡ መካከል ቀጭን ዘንግና ስፕሪንግ አለ። ስፕሪንጉ ዘንጉን ወደ ላይ እየገፋ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ የፓምፑ አፍ ዘንጉን ሲጫነው ይከፈታል። የዚህ ልብ ጥርስ በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከመኪና ጎማ የተፈታ ልብ ብስክሌት ላይ ይገባል፣ ከብስክሌቱም ወደ ሞተር ሳይክል ይሄዳል። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር በገጠር መንገድ ላይ ትልቅ ዋጋ አለው።

ቀጭኑ ቫልቭ ፕሬስታ ነው። በፈረንሳይ የተወለደና ለረጅም ዘመን የኮርሳ ብስክሌት መለያ ሆኖ የኖረ ነው። ግንዱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የሽሬደሩ 8 ነው። ፕሬስታን ዘግቶ የሚይዘው በዋናነት ጎማው ውስጥ ያለው አየር ራሱ ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚገፋው አየር ዘንጉን መቀመጫው ላይ ይጫነዋል፤ ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ዳዶ ደግሞ ስትጠብቅ እንዳይከፈት ትቆልፈዋለች። ስለዚህ ከመንፋት በፊት ዳዶዋን እስከ ጫፍ ፈትቶ ዘንጉን አንዴ በጣት ነካ ማድረግ ያስፈልጋል። ብዙ ቀን ተዘግቶ የቆየ ፕሬስታ መቀመጫው ላይ ይጣበቃል፤ ሳይነኩት ፓምፑን ቢገጥሙበት «ፓምፑ አይሠራም» የሚያሰኝ ግትርነት ያሳያል።

ሦስተኛው ደንሎፕ ወይም ዉድስ በመባል ይታወቃል። የድሮዎቹ ባለ ጥቁር ቀለም የሕንድና የቻይና ብስክሌቶች፣ እንዲሁም የሆላንድና የጃፓን የከተማ ብስክሌቶች ያደረጉት እሱ ነው። ውስጠኛው ክፍል ከላይ በተደረበ ዳዶ ታስሮ ይቀመጣል፤ የጥንቱ ዓይነት ቀጭን የጎማ ቱቦ ለብሶ፣ ቱቦው አየር ያስገባል እንጂ አያስወጣም። ቱቦው ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ይቀየራል፣ ቫልቩ እንደገና ይሠራል። ለፕሬስታ የተሠራ የፓምፕ አፍ አብዛኛውን ጊዜ በዚህም ላይ ይይዛል። ለጫካ መንገድ ግን አልመክረውም። በግፊት መለኪያ በትክክል ለመለካት አያመችም፣ አየር በጥቂት በጥቂቱ ለማስተንፈስም ይቸግራል፤ የጫካ መንገድ ላይ ደግሞ ዋናው ሥራ ግፊትን በጥቂት በጥቂቱ ማስተካከል ነው።

ታዲያ ከሽሬደርና ከፕሬስታ የትኛው ይሻላል? ውድ የሆኑት የማውንቴን ብስክሌቶች በብዛት ፕሬስታ ይዘው ስለሚመጡ፣ ፕሬስታ «የባለሙያ»፣ ሽሬደር «የጀማሪ» ነው የሚል አስተሳሰብ ተለምዷል። እኔ በዚህ አልስማማም። ፕሬስታ የተፈለገበት ዋና ምክንያት የኮርሳ ቸርኬ ጠባብ መሆኑ ነው፤ በጠባብ ቸርኬ ላይ የሚበሳው ቀዳዳ ባነሰ ቁጥር ቸርኬው ይጠነክራል። የማውንቴን ቸርኬ ግን ሰፊ ነው፤ የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት አያዳክመውም። የመጀመሪያዎቹ የማውንቴን ነጂዎች፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ታማልፓይስ ተራራ ቁልቁል ይምዘገዘጉ የነበሩት፣ በሰፋፊ ጎማ የተሠሩ ያረጁ የአሜሪካ ብስክሌቶችን እየጠገኑ ነበር የጀመሩት፤ የእነዚያም ቫልቭ ይኸው «የጀማሪ» የሚባለው ሽሬደር ነበር።

አገራችን ውስጥ የውስጥ ጎማ አድርጎ ለሚነዳ ሰው ምክሬ ግልጽ ነው፤ ምርጫ ካለዎት ሽሬደር ያድርጉ። ኮምፕሬሰር ያለበት ማንኛውም ጎሚስታና ነዳጅ ማደያ ይሞላዋል። ልቡ ቢበላሽ ሞተር ሳይክል የሚጠግን ሰው ኪስ ውስጥ ሌላ ይገኛል። የውስጥ ጎማውም ቢሆን ከትልልቅ ከተሞች ሲወጡ የፕሬስታውን ማግኘት ሊያስቸግር ይችላል። ዘንጉም ግንዱ ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚቀመጥ ከድንጋይና ከቅርንጫፍ የተጠበቀ ነው። የፕሬስታ ዘንግ ወደ ውጭ ወጥቶ የሚቆም ቀጭን ነገር ነው፤ ተቻኩሎ የሚነፋ ሰው ፓምፑን ወደ ጎን ሲወዘውዘው ይጎብጣል፣ አንዳንዴም ተሰብሮ ይቀራል።

ፕሬስታ ያለው ብስክሌት የገዛ፣ ወይም ከውጭ አገር ዘመድ የላከለት ሰው ግን ይህን አንብቦ ቸርኬውን በመሰርሰሪያ ለማስፋት እንዳይነሣ እለምናለሁ። ሲበሱት ጠርዙ ሸካራ ሆኖ ይቀርና የውስጥ ጎማውን ከቫልቩ ሥር እየፋቀ ይቀድደዋል፤ ጠባብ ቸርኬ ከሆነ ደግሞ በእርግጥ ይዳከማል። ለዚህ መፍትሔው ከነሐስ የተሠራች፣ ከጣት ጫፍ የማትበልጥ አዳፕተር ናት። የፕሬስታውን ዳዶ ፈትቶ አዳፕተሯን ላዩ ላይ ማሰር ነው፤ ከዚያ በኋላ ቫልቩ ከውጭ ሽሬደር ይሆናል፤ ጎሚስታውም ይሞላዋል። ርካሽ ናት፣ ክብደት የላትም። ሁለት ገዝቶ አንዷን ቫልቩ ላይ፣ አንዷን ከመጠገኛ ዕቃው ጋር ማስቀመጥ ብልህነት ነው። በተቃራኒው፣ ለሽሬደር በተበሳ ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ የፕሬስታ ውስጥ ጎማ ለጊዜው ማስገባት ይቻላል፤ ነገር ግን ግንዱ ቀዳዳው ውስጥ ስለሚወዛወዝ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማጥበቢያ ቀለበት ይደረግበት።

የግንዱን ርዝመትም ይመልከቱ። ለተለመደ የማውንቴን ቸርኬ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ከዚህ ያጠረ ከሆነና ቸርኬው ወፈር ካለ የፓምፑ አፍ የሚይዘው በቂ አንገት አያገኝም፤ በጣም የረዘመ ከሆነ ደግሞ ለድንጋይና ለእንጨት ይጋለጣል። ፕሬስታ ላይ ግንዱን ከቸርኬው ጋር የምታስረው ቀለበት ዳዶ ሲነፉ እንዳይሸሽ ለመያዝ ብቻ ናት፤ በመቆንጠጫ ማጥበቅ የውስጥ ጎማውን ከሥሩ ይገነጥለዋል።

እዚህ ላይ አንድ ምልክት ልጥቀስ፤ ብዙ ሰው እያየው የሚያልፈው ነው። ቫልቩ ቸርኬው ላይ ቀጥ ብሎ መቆም ሲገባው ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ከሆነ፣ ጎማው ቸርኬው ላይ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው። አየሩ አንሶ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አጥብቀው ሲይዙ ይህ ይከሰታል። ጎማው ሲሸሽ የውስጥ ጎማውን ይዞት ይሄዳል፣ ግንዱ ግን ቀዳዳው ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ውሎ አድሮ ከሥሩ ይቀደዳል፤ እዚያ ቦታ የተቀደደ የውስጥ ጎማ ደግሞ በማስቲሽና በልጣፊ አይድንም። ዘመም ብሎ ካዩት አየሩን ሙሉ በሙሉ አስተንፍሰው፣ ጎማውን በእጅ አዙረው ቀጥ ያድርጉትና እንደገና ይንፉት።

ወደ ፓምፑ ከመሄዳችን በፊት ምን ያህል አየር እንደሚያስፈልግ እንስማማ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ጣሪያው ነው፤ ይህን ያህል ንፉ ማለት አይደለም። ድንጋይና ሥር በበዛበት መንገድ ላይ ጠጥሮ የተነፋ ጎማ ይዘላል፣ መሬት አይጨብጥም፣ እጅና ወገብ ይጨርሳል። በጣም የላላ ከሆነ ደግሞ ድንጋይ ሲመታው የውስጥ ጎማው በድንጋዩና በቸርኬው ጠርዝ መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ይቀደዳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ ስፋቱ 2.1 ኢንች አካባቢ በሆነ የውስጥ ጎማ ባለው ጎማ ላይ፣ ከኋላ 30 ፒኤስአይ ገደማ (ይህም 2 ባር ማለት ነው)፣ ከፊት ከዚያ ሁለት ሦስት ፒኤስአይ ዝቅ አድርጎ ቢጀምር መልካም መነሻ ነው። ከዚያ እየነዳ በአንድ በሁለት ፒኤስአይ ያስተካክላል። ቱብለስ ከሆነ የሚቆነጠጥ የውስጥ ጎማ ስለሌለ ከ22 እስከ 26 ድረስ መውረድ ይቻላል።

ይህን ካወቅን የፓምፑ ነገር ይቀላል። ሁለት ባር ትንሽ ግፊት ነው። የማውንቴን ጎማ ግን ሆዱ ሰፊ ነው፤ 26 በ2.1 የሆነው አራት ሊትር ገደማ፣ ባለ 29ኙ 2.3 ደግሞ ከአምስት ሊትር በላይ ይይዛል። ለኮርሳ የተሠራ የእጅ ፓምፕ ግን ታስቦ የተሠራው ለተቃራኒው ነው፤ ትንሽ አየር፣ ብዙ ግፊት። ስለዚህ ቱቦው ቀጭን ነው።

በቁጥር እንየው። ሁለት የእጅ ፓምፖች አሉ እንበል፤ የሁለቱም ፒስተን 15 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። የአንዱ የውስጥ ስፋት 20 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው 30 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነታቸው አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ቀጭኑ በአንድ ግፊያ 47 ሲሲ ሲያስገባ፣ ወፍራሙ 106 ሲሲ ያስገባል። ያንን አራት ሊትር ጎማ ከባዶ እስከ 2 ባር ለማድረስ፣ ምንም አየር ባይባክን እንኳ፣ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ወፍራሙ 75 ያህል፣ ቀጭኑ 170 ያህል ግፊያ ይጠይቃል።

ለምን ታዲያ ሁሉም ፓምፕ ወፍራም አይሆንም? ወፍራም ፒስተን ለመግፋት ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ነው። 2 ባር ላይ ሲደርስ ወፍራሙ 14 ኪሎ ያህል፣ ቀጭኑ ስድስት ኪሎ ተኩል ያህል ጫና ይፈልጋል፤ ሁለቱንም ማንም ጤነኛ ሰው ይገፋቸዋል። በኮርሳው 6 ባር ላይ ግን ወፍራሙ ከ40 ኪሎ በላይ ይሆናል፤ ይህን በእጅ ፓምፕ መንገድ ዳር ቆሞ መግፋት አይታሰብም። ስለዚህ «120 ፒኤስአይ ይደርሳል» የሚል ጽሑፍ የጫካ መንገድ ነጂን ሊያማልለው አይገባም። እንዲያውም ቱቦው ቀጭን ለመሆኑ ማስጠንቀቂያ ነው። የሚፈለገው ፓምፕ ላይ ብዙ ጊዜ «ከፍተኛ ይዘት» የሚል ትርጉም ያላቸው ኤች.ቪ. የሚሉ ፊደላት ይታተማሉ። ሱቅ ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄ በአንድ ግፊያ ስንት ሲሲ ያስገባል የሚለው ነው፤ የሚመልስ ከሌለ የቱቦውን ውፍረት በዓይን መመዘን በቂ ነው።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የውጭ አገር የግዢ መመሪያዎች አያነሱትም። ፓምፕ የሚያስገባው በዙሪያው ያለውን አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ፣ ከባሕር ወለል 2,355 ሜትር ከፍታ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። እንጦጦ ላይ 3,000 ሜትር ሲደርሱ ወደ ሰባ በመቶ ይወርዳል። ፓምፑ ሙሉ ቱቦ አየር ይስባል፤ የሳበው አየር ግን ስስ ነው። ስለዚህ በባሕር ወለል 75 ግፊያ የፈለገው ወፍራም ፓምፕ አዲስ አበባ ላይ 100፣ እንጦጦ ላይ 108 ያህል ይፈልጋል። ቀጭኑ ደግሞ ከ170 ወደ 224፣ ከዚያም ወደ 243 ያሻቅባል። በእውነተኛው ዓለም የሚባክነውን ጨምሮ ከዚህም ይበልጣል። የሚነፋውም ሰው ያንኑ ስስ አየር ነው የሚተነፍሰው። ለሎንዶን ወይም ለአምስተርዳም ነጂ «ትንሽ ያሰለቻል» የተባለ ፓምፕ እኛ ዘንድ ክንድ የሚያዝል ነው፤ በደጋ አገር ከሁሉ በፊት የቱቦ ስፋት መታየት ያለበት ለዚህ ነው።

ከፍታ ሲቀያየር የተነፋው ጎማ ራሱስ ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። አዲስ አበባ ላይ 2 ባር ነፍቶ ብስክሌቱን በመኪና ጭኖ ባሌ፣ ሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ላይ ለሚወጣ ሰው፣ ውጭ ያለው አየር ስለሚሳሳ የጎማው ግፊት በመለኪያ ሲታይ 2 ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ሳነቴ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ከቀነሰ ብርዱ ያንኑ ያህል መልሶ ይወስደዋል። ሳይጨነቁ መንዳት ይቻላል ማለት ነው።

ከቱቦው ስፋት ቀጥሎ በእጅ ፓምፕ ላይ የምፈልገው ነገር በፓምፑና በቫልቩ መካከል አጭር ተጣጣፊ ጎማ መኖሩን ነው። በቀጥታ ቫልቩ ላይ የሚሰካ ፓምፕ በእያንዳንዱ ግፊያ ቫልቩን ይወዘውዘዋል። መቶ ግፊያ ማለት መቶ ጊዜ መወዝወዝ ነው፤ ፕሬስታ የሚሰበረው፣ የውስጥ ጎማው ከግንዱ ሥር የሚሰነጠቀውም በዚህ ነው። ተጣጣፊው ጎማ ይህን ሁሉ ያስቀራል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለው፤ ቫልቩ ላይ በጥርስ የሚታሰር ዓይነት ከሆነ፣ ሲፈቱት የፕሬስታውን ልብ አብሮ ይዞት ሊወጣ፣ የለፉበትም አየር በአንድ ትንፋሽ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ቤት ሳሉ ልቡ መጥበቁን ያረጋግጡ።

አፉ ለሁለቱም ቫልቭ የሚሆን ይሁን። አንዳንዱ ሁለት ቀዳዳ አለው፣ አንዳንዱ ውስጡ ያለችውን ጎማና ፕላስቲክ አውጥቶ በመገልበጥ ይቀየራል። የሚገለበጠውን የገዛ ሰው ከቤት ሳይወጣ ለራሱ ቫልቭ አስተካክሎ ይያዘው፤ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ከጣት ጥፍር የምታንስ ጎማ መፈለግ ይቅርበት። ፓምፑን የገዙ ቀን የራስዎን ጎማ ሙሉ በሙሉ አስተንፍሰው በእሱ ብቻ ነፍተው ይሞክሩት። የማይገጥም አፍ፣ የሚያፈስ ኦሪንግ፣ የሚያዝል ክንድ ያን ዕለት ይታወቃል።

ለቤት የሚሆነው በእግር ረግጠው የሚነፉበት ቋሚ ፓምፕ ነው። ገንዘብ የሚበቃው ለአንድ ብቻ ከሆነ የእጁን ያስቀድሙ፤ ሁለተኛው ሲቻል ግን ይህ ይገዛ፣ ጥቅሙም መለኪያው ላይ ነው። ብዙዎቹ መለኪያዎች እስከ 160 ፒኤስአይ የተሰመሩ ናቸው፤ እኛ የምንፈልጋቸው ከ20 እስከ 35 ያሉት ቁጥሮች ክቡ መጀመሪያ ላይ ተጨናንቀው ይገኛሉ፣ ቀስቱም እዚያ አካባቢ ብዙም አይታመንም። እስከ 60 ወይም 75 ብቻ የሚለካ ቢገኝ በጣም የተሻለ ነው። ካልተገኘም አይጨነቁ፤ መለኪያው ሁለት ፒኤስአይ ቢሳሳት እንኳ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ከተሳሳተ ለራስዎ የሚስማማውን ቁጥር በእሱ ማግኘት ይችላሉ። በየቦታው መለኪያ እየቀያየሩ መንፋት ነው የሚያሳስተው። የድሮው የብረት ፓምፕ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ አይጣል፤ ፒስተኑ ላይ ያለው ቆዳ ደርቆ ይሆናል እንጂ አላረጀም። ፈትቶ ዘይት ማጠጣትና ጠርዙን በጣት ከፈት ማድረግ ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል።

በውጭ አገር የሚነዱ ወገኖቻችን የሚጠቀሙበት ትንሽ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥይትም አለ። 16 ግራም የሚይዘው ያንን አራት ሊትር ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ወደ 2 ባር ያደርሰዋል፤ በደጋ መሆናችንም ጉልበቱን አይቀንስበትም። ግን አንዴ ከተተኮሰ አለቀ፤ ቀዳዳው በደንብ ሳይደፈን ከተሞላ ጋዙ ባክኖ ይቀራል። ጋዙ በጎማው ሰውነት ውስጥ ከተራ አየር ፈጥኖ ስለሚሾልክ በማግስቱ አስተንፍሶ በአየር መሙላት ያስፈልጋል። ሲለቀቅ እጅ የሚያቃጥል ቅዝቃዜ ስለሚፈጥር ያለ ጓንት አይያዝ። በአውሮፕላን ለመምጣት የሚያስብም ከአየር መንገዱ ሳይፈቀድለት ሻንጣ ውስጥ የሚከተው ዕቃ አይደለም። እኔ ከፓምፕ ጋር ተጨማሪ ቢሆን አልቃወምም፣ ፓምፕን ተክቶ ሲያዝ ግን አልወድም።

ቱብለስ ለሚነዱ ጥቂት ቃል። ጎማው ውስጥ የሚደረገው ደፋኝ ፈሳሽ የግራር እሾህ ለሚበዛበት ቆላ እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ትንንሽ ቀዳዳዎችን እየዞረ ይደፍናል። ያው ፈሳሽ ግን የፕሬስታ ጠባብ ልብ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። ፓምፑ እምቢ ሲል ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፓምፑ ሳይሆን የደረቀው ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ልቡ የሚፈታ ዓይነት ቫልቭና አንድ ሁለት መለዋወጫ ልብ ይያዙ። ሲነፉም ቫልቩን ከታች አያድርጉት፤ ፈሳሹ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ቱብለስ ጎማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቸርኬው ላይ ሲቀመጥ በአንድ ጊዜ የሚገባ ብዙ አየር ይፈልጋል፤ የቫልቩን ልብ አውጥቶ በኮምፕሬሰር መሙላት የተለመደው ዘዴ ነው። መንገድ ላይ በእጅ ፓምፕ ይህን ማድረግ በጣም አስቸጋሪ ስለሆነ ቱብለስ የሚነዳ ሰውም አንድ የውስጥ ጎማ መያዝ አለበት።

ኮምፕሬሰር ከተነሣ የጎሚስታውን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ለጭነት መኪና የተዘጋጀ ኮምፕሬሰር ሰባት ስምንት ባር የታመቀ አየር ይይዛል። የብስክሌት ጎማ አራት ሊትር ብቻ ስለሆነ በሰከንዶች ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል፤ ፍንዳታው ዓይንና ጆሮ ይጎዳል። ለጎሚስታው ስንት እንደሚፈልጉ አስቀድመው በቁጥር ይንገሩት፤ «ጥሩ አድርገህ ንፋልኝ» ከተባለ እንደ መኪና ጎማ ማጠጠሩ አይቀርም። አየሩ ለአፍታ እየተለቀቀ፣ እየተቋረጠ፣ በየመካከሉ ጎማው በእጅ እየተጫነ ይሞላ። ጎማው ቸርኬው ላይ በሁለቱም ወገን እኩል መቀመጡ ከመሞላቱ በፊት ይታይ።

የፊት ሹካው በአየር የሚሠራ ብስክሌት ያለው ሰው ደግሞ ይህን በልቡ ይያዝ። ሹካው አናት ላይ፣ ወይም የኋላው ንዝረት መቀበያ ላይ ያለው ቫልቭ ከክዳኑ በታች ሽሬደር ነው፤ የጎማው ቫልቭ ይመስላል፣ የጎሚስታው አፍም ይገጥምበታል። ውስጡ ያለው ቦታ ግን እጅግ ትንሽ ነው፣ ግፊቱ ደግሞ ከጎማው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለእሱ ለብቻው የተሠራ፣ ቀጭን ፒስተንና ትልቅ መለኪያ ያለው ፓምፕ አለ። በኮምፕሬሰር የተሞከረ ሹካ ማኅተሙ ሊበጠስ ይችላል። በተራ የጎማ ፓምፕም ቢሆን በቂ ግፊት ላይ መድረስ ያስቸግራል፤ አፉን ሲነቅሉ የሚያመልጠው ጥቂት አየርም ትንሽ ቦታ ውስጥ ስለነበረ ግፊቱን በአንዴ ያወርደዋል። ሹካው አየር የጎደለው ከመሰለዎትና ያ ልዩ ፓምፕ ከሌለዎት፣ ቫልቩን ሳይነኩ ቀስ ብለው ነድተው ብስክሌት ወደሚጠግን ሰው ይውሰዱት።